ከባሕር ዳር ዱባይ ያለ ገንዘብ፦ አንድን የድንበር ዘለል ውል ጉዳይ እንዴት አጠናሁት

ድንበር የተሻገረ የንግድ ክርክር ሲመጣ አብዛኞቻችን የሕግ ባለሙያዎች ቀድመን የምንጠይቀው «የየትኛው አገር ሕግ ነው ተፈጻሚ የሚሆነው?» ብለን ነው። የተማርነውም እንደዚያ ነው። እኔ ግን ከሌላ ጥያቄ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ገንዘቡ ወይም ንብረቱ ያለው የት ነው? የፍርድ ባለዕዳው እዚህ አገር አንዳች ነገር ከሌለው፣ እዚህ የሚገኝ ፍርድ የቱንም ያህል ቢያምር አይበላም። ጥናቱ ፍርዱ ከሚፈጸምበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው መሠራት ያለበት።

ይህን አጥብቄ እንድይዝ ያደረገኝ የሶፍትዌር ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ተምረው፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመዋል። በሰኔ 2013 ዱባይ ካለ አንድ የንግድ ድርጅት ጋር የመጋዘንና የሽያጭ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሊሠሩ ተዋዋሉ። ውሉ በኢሜይል መጣ፣ ስክሪን ላይ ተፈረመ፣ በኢሜይል ተመለሰ። ሥራውን በ2015 አስረከቡ፤ ድርጅቱ ግን «ጉድለት አለበት» ብሎ የመጨረሻውን ክፍያ ያዘ። እኔ ጋ በመጡበት ቀን ሥራ አስኪያጁ ገና ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ፍርድ ቤት ገትረን እንያዛቸው» አለኝ።

«ይዘን ምን እናደርጋቸዋለን፣ ልጄ?» አልኩት። ድርጅቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሮም፣ የባንክ ሒሳብም የለውም። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከፍቼ የውጭ አገር ፍርድ አፈጻጸምን የሚመለከቱትን ከቁጥር 456 እስከ 461 ያሉትን ድንጋጌዎች አሳየሁት። እኛ የሌላ አገር ፍርድ ለመፈጸም ያ አገር የእኛን እንደሚፈጽም፣ ተከሳሹ የመከላከል ዕድል እንደተሰጠው፣ ፍርዱ የመጨረሻ እንደሆነ እንጠይቃለን። ሌላውም አገር በፈንታው የራሱን መስፈርት ይደረድርብናል። ያ መንገድ ረጅም ነው።

ውሉን አገላብጬ ሳየው ግን የግልግል ዳኝነት አንቀጽ አለው፤ ክርክር ቢነሣ በመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን ተዋዋዮቹ በተስማሙበት ገላጋይ ዳኛ ይታይ የሚል። ወጣቶቹ ያን አንቀጽ የጠሉት «ከአገራችን ሊያርቁን ያስገቡት ነው» ብለው ነበር። እኔ ደስ ያለኝ እሱን ሳይ ነው። የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም እ.ኤ.አ. በ1958 የተፈረመውን የኒውዮርክ ስምምነት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀላቅላለች። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃ ነሐሴ 18 ቀን 2012 ተቀላቀለች፤ ከኅዳር 13 ቀን 2013 ጀምሮም ጸናብን። አገራችን ስትገባ ያስቀመጠችው ገደብ አለ፦ ውሳኔው በሌላ አባል አገር የተሰጠ፣ ጉዳዩ በሕጋችን ንግድ ነክ፣ የግልግል ስምምነቱና ውሳኔው ደግሞ ከመቀላቀላችን በኋላ የመጡ መሆን አለባቸው። የሰኔ 2013 ውል በዚህ በር ያልፋል።

በሩ ግን ለሁለቱም ወገን ነው የተከፈተው፤ ይህን ለደንበኛ መሸሸግ ነውር ነው። ብንሸነፍና ወጪ ቢፈረድብን ዱባይ ያለው ድርጅት ውሳኔውን ይዞ እዚህ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ሩቅም አይሄድም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣንም ስለሚሠራበት፣ የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ይህን በጽሑፍ ሰጠኋቸውና ተማክረው ይመለሱ ዘንድ አሰናበትኳቸው። ተመለሱ፤ «እንቀጥል» አሉ።

ከዚህ በኋላ ነው ከባዱ ነገር የገጠመን። አንቀጹ ክርክሩ የሚታይበት ብሎ የጠቀሰው ማዕከል ዱባይ የነበረውን፣ ዲ.አይ.ኤፍ.ሲ.-ኤል.ሲ.አይ.ኤ. የሚባለውን የግልግል ተቋም ነበር። ይህ ማዕከል የለም። የዱባይ ገዥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባወጡት ድንጋጌ ቁጥር 34 ፈርሶ ሥራው ለዱባይ ዓለም አቀፍ የግልግል ማዕከል ተላልፏል። ተቃራኒው ወገንም ይህን አውቆ «የተስማማነው ስለሌለ ተቋም ነው፤ አንቀጹ ሞቷል» የሚል ደብዳቤ ልኮ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ስለ ድንጋጌው የተጻፈውን ትንታኔ ትቼ ድንጋጌውን ራሱን አነበብኩ። ድንጋጌው ከመጽናቱ በፊት የተደረጉ የግልግል ስምምነቶች ዋጋቸው እንዳለ ይቀጥላል፤ በፈረሰው ማዕከል ቦታ አዲሱ ይተካል ይላል። የእኛ ውል ደግሞ ድንጋጌው ከመውጣቱ ከሦስት ወር ገደማ በፊት የተፈረመ ነው። ውሉ ከመስከረም በኋላ ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ክርክራችን ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

እዚያ ላይ አላቆምኩም። ዱባይ «ይጸናል» ብላ ስለደነገገች ሌላ አገር ያለ ዳኛ ይቀበለዋል ማለት አይደለም። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አሜሪካ ሉዊዚያና ያለ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የተመረጠው ማዕከል ስለሌለ ተከራካሪዎቹን በግልግል አላስገድድም ብሎ ወስኖ አገኘሁ። ውሳኔው ለእኛ አይጠቅምም፤ ቢሆንም ከማስታወሻዬ አላወጣሁትም፤ ተቃራኒው ወገን የሚያገኘውን ነገር ደንበኛዬ ከእኔ መስማት አለበት። (ጉዳያችን ካለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025፣ የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ ሽሮታል።) የእኛ ባለዕዳ ንብረት ያለው ዱባይ ነው፤ ስለዚህ የሚያሳስበኝ የዱባይ ድንጋጌ ነበር። ከገንዘቡ ቦታ መጀመር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው የሕግ ምንጭ እንደሚመዝን ይነግርሃል።

ሌላው ፍሬ ነገሩ ነበር። ውሉ ሥራውን ያሠራው ድርጅት ከተረከበ በኋላ በዱባይ ሰዓት በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ እንደተቀበለ ይቆጠራል ይላል። የተቃውሞው ኢሜይል በወጣቱ ስልክ ላይ የሚታየው በመጨረሻው ቀን ከምሽቱ 5፡35 ነው። ስለዚህ «በጊዜው ደርሷል፣ አለቀልን» ብለው ተቀምጠዋል። እኔ ኢሜይሉን ስክሪኑ ላይ እንዳለ አልወሰድኩትም፤ ሙሉ ሄደሩ፣ ማለትም መልእክቱ በየት በየት በስንት ሰዓት እንዳለፈ የሚያሳየው ስክሪኑ ላይ የማይታይ መዝገብ፣ እንዲወጣ አደረግሁ። በላኪው መሣሪያ የሚጻፈውን ቀን ላኪው እንዳሻው ሊያደርገው ይችላል፤ መልእክቱን የተቀበሉት የእኛ ወገን ሰርቨሮች የሚያሳርፉት የሰዓት ምልክት ግን ከላኪው እጅ ውጭ ነው። እነሱን ሁሉ ወደ አንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት አመጣናቸው፤ 20፡35 ሆኑ፤ በእኛ ከምሽቱ 5፡35 ማለት ነው። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ዘንድ የመጨረሻው ቀን ምሽት የነበረው እዚያ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ተቀይሯል። ተቃውሞው ዘግይቷል።

ኢሜይል ማስረጃ ይሆናል ወይ የሚለው አላስቸገረንም። የእኛ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም፣ የኤምሬቶቹ የ2021 ሕግ ቁጥር 46ም መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላሉ።

ይህ ሁሉ የተሠራው በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ነው። ባለገመድ መስመር ያለበት ቦታ ስደርስ የማወርደውን አስቀድሜ በወረቀት እዘረዝር ነበር፤ አሁንም መስመር ሳይጠፋ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ እንዳልፈልግ ያደርገኛል። የስምምነቱ ጽሑፍና የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን መመሪያው፣ የማዕከሉ ደንብ፣ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ሁሉ በነጻ ይገኛሉ። ወጣቶቹ ቻትጂፒቲን ጠይቀው ያመጡልኝንም የፍርድ ዝርዝር አልናቅሁም፤ ግን ዋናው ሰነድ ያልተገኘለትን አንዱንም አልተጠቀምኩም። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ማሽን የፈጠራቸውን ፍርዶች ለችሎት ያቀረቡ ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ለማስረጃ በሚላኩት ፋይሎች ውስጥ የነበሩትን የሌሎች ሰዎች ስምና ስልክም አስጠፋን፤ በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ ከአገር ሲወጣም ይከተላል።

የማዕከሉ የ2022 ደንብ እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ለሚደርስ ጥያቄ የተፋጠነ ሥርዓት አለው፤ በአንድ ዳኛ ይታያል። የእኛ ከዚያ በታች ነው። ድንጋጌውን፣ ሄደሩንና ይህን ደንብ አያይዘን በእንግሊዝኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍን። መጀመሪያ ግማሹን እንክፈል አሉ፤ እምቢ አልን። በኋላ ዋናውን ገንዘብ በሙሉ፣ ያለ ወለድ፣ በሁለት ጊዜ ከፈሉ። ወጣቶቹ ወለዱን ፈልገው ነበር። እኔ ተቀበሉ አልኳቸው፤ ለወለዱ ስንል የምናወጣው ወጪ ወለዱን ይበላዋል።

አሁን በሚጽፉት ውል የማዕከሉ ስም በዕለቱ ከራሱ ድረ ገጽ ይረጋገጣል፤ የግልግሉ መቀመጫ፣ ቋንቋው፣ የዳኞች ቁጥር፣ ማስታወቂያ የሚላክበት ኢሜይልና ቀን የሚቆጠርበት የሰዓት ክልል ይጻፋል። ደንበኛው የመጣበት አገር የኒውዮርክ ስምምነት አባል መሆኑንም ቀድመው ያያሉ። አባል ካልሆነ አገር ከመጣ ግማሹን ክፍያ ሳያስገባ ሥራ አይጀምሩለትም።