ከስቴንት በፊት ሲቲ ስካን

የቆሽት ካንሰር በሲቲ ስካን ላይ ጎልቶ የሚታየው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ኮንትራስቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚያደምቀው ፈሳሽ፣ በክንድ ደም ሥር መሰጠት ከጀመረ በኋላ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ባለው ጊዜ ጤነኛው የቆሽት ሥጋ ደምቆ ይወጣል፤ ዕጢው ግን ጠባሳ የበዛበትና ደም በቅጡ የማይደርሰው ስለሆነ ጠቆር እንዳለ ይቀራል። በ70 ሰከንድ አካባቢ የሚነሣው ሁለተኛው ዙር ደም መልሶቹንና ጉበቱን ያጠራል። ሁለቱም ዙሮች፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ስስ ቁራጭ፣ ያስፈልጉኛል። በራዲዮሎጂ ሐኪምነቴ አብዝቶ የሚያሳዝነኝ ይህ ምስል ጊዜው ካለፈ በኋላ መታዘዙ ነው።

ዛሬ ልደታ በሚገኘው የሥራ ቦታዬ ያነበብኩት የአንድ አዛውንት ምስል ነበር። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ቤተሰቡ የወፍ በሽታ ነው ብሎ የባህል መድኃኒት ሲሰጣቸው ቆይቷል። ሕመም የሌለበት ቢጫነት ቆሽትን ሊያስጠረጥር እንደሚገባ የነገራቸው አልነበረምና አልፈርድባቸውም። በኋላ በአልትራሳውንድ የሐሞት ቱቦው መስፋቱ ታየ፤ ሲቲ ስካን ሳይነሡም በሌላ ቦታ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን የሐሞት ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ ገባላቸው። እኔ ዘንድ የደረሱት ከዚያ ወዲህ ነው። የስቴንቱ ብረት ምስሉን አዥጎርጉሮታል፤ ቆሽቱም ስቴንቱ ከገባ በኋላ በማበጡ ዕጢው የት እንደሚያበቃ መለየት አልቻልኩም።

ልጃቸው «ዶክተር፣ ትንሽ ናት ብለውናል፤ ትንሽ ከሆነች በኦፕራሲዮን ትወጣለች አይደል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መጠን ይቆጠራል፤ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች፣ ከዚያም እስከ 4፣ ከ4 በላይ እየተባለ ይከፋፈላል። ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ግን ዕጢው ከታላላቆቹ የደም ሥሮች ጋር ስላለው ጉርብትና ነው። ወደ አንጀት የሚወርደው ዋናው ደም ቅዳ ከዙሪያው ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ከ180 ዲግሪ በላይ፣ በዕጢው ከተከበበ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና አይገባም፤ ከዚያ ባነሰ ከተነካ ጉዳዩ ድንበር ላይ ነውና ብዙ ጊዜ ኬሞቴራፒ ይቀድማል። ደም መልሱ ተቆርጦ ሊቀጠል ስለሚችል በእርሱ በኩል መለኪያው ላላ ይላል። ስለዚህ ደም ቅዳውን የያዘ ትንሽ ዕጢ፣ ከሥሮቹ ርቆ ካደገ ትልቅ ዕጢ የባሰ ነው። ይህን ሁሉ ለእኅቴ እንደምነግር አድርጌ ነገርኳት፤ እያለቀሰችም ቢሆን በጥሞና ሰማችኝ።

ምስል ሁሉን አይናገርም። አንዳንድ ዕጢ ከጤነኛው ሥጋ እኩል ደምቆ ስለሚደበቅ፣ የሐሞቱና የቆሽቱ ቱቦዎች ሰፍተው አንድ ቦታ ላይ በድንገት መቆረጣቸው ብቻ ይጠቁመኛል። በጉበትና በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተዘሩ ጥቃቅን ፍሬዎችም ያመልጡኛል፤ ቀዶ ሐኪሙ በካሜራ ገብቶ ሲያገኛቸው አይቻለሁ። ከስቴንት በፊት የተነሣ ንጹሕ ምስል ግን የምንችለውን ያህል ያሳየናል። ትኩሳትና የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ካላጣደፈ በቀር ቢጫነቱ ሲቲውን ሊጠብቅ ይችላል፤ ይህንንም ለሚልኩልን ሐኪሞች በደብዳቤ ለማሳወቅ ወስኛለሁ።

ለአዛውንቱ፣ እብጠቱ ሲቀንስና የኩላሊታቸውን ሁኔታ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒናቸው፣ ደኅና ከሆነ በሁለቱም ዙር እንደገና እንዲነሡ ጻፍኩላቸው። ከመነሣታቸው በፊት ውሃ ይጠጣሉ፤ በምስሉ ላይ የሚነጣው የሚጠጣ ኮንትራስት የአንጀቱን ግድግዳና አጠገቡ ያሉትን ሥሮች ስለሚጋርድ እንዳይሰጣቸው በወረቀቱ ላይ አስምሬበታለሁ።