ስልኩ ፈጥኖ ኮምፒውተሩ ብቻ ሲጎተት

በአንድ ቤት፣ በአንድ ዋይፋይ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮው ያለ ችግር እየሄደ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ያቺ ክብ ዝም ብላ የምትዞር ከሆነ፣ ለኢንተርኔት አቅራቢው ለመደወል አትቸኩሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሚሆነው። ኢንተርኔቱ ቤታችሁ ድረስ ደርሷል፤ ስልኩ ምስክር ነው። ችግሩ ያለው ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን፣ ከራውተሩ፣ እስከ ኮምፒውተሩ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። ካልሆነም እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ቤት ያለ ዴስክቶፕ ለብዙ ጊዜ ሲያማርራቸው ስለቆየ ነው። ልጇ 12ኛ ክፍል ናት። ብሔራዊ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ልጆቹ ማውስ ይዘው፣ ረጅም ጥያቄ ከስክሪን ላይ አንብበው መመለስን ቀድመው ቢለምዱት ይጠቅማቸዋል። ስልክ ላይ ማጥናት ይቻላል፤ ፈተናው የሚመጣው ግን በስልክ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ የፊልም ጉዳይ አልነበረም። ልጅቷ የልምምድ ጥያቄዎችን ለመክፈት ስትጠብቅ ምሽቱ ያልቅባት ነበር።

እኔ ከመድረሴ በፊት ሁለት ምክር አግኝተዋል። አንዱ «ዝናቡ ነው» የሚል። ጅማ ብዙ ወር ስለሚዘንብ ሰው ወዲያው ወደ ሰማይ ይጠቁማል። በእርግጥ የስልክ መስመር መጋጠሚያ ውስጥ ውሃ ሲገባ ኢንተርኔት ይበላሻል። ሲበላሽ ግን ለቤቱ ሁሉ ነው እንጂ ዝናቡ ስልኩን ትቶ ዴስክቶፑን አይመርጥም።

ሁለተኛው ምክር ከአንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት የመጣ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ይህ ምክር ያናድደኛል። እዚያ ኮምፒውተር ላይ የአባታችን የመጨረሻ ዓመታት ፎቶዎች አሉ። ማንም ምንም ሳይለካ፣ ማንም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ሁሉንም ለማጥፋት መነሳት ምን ይባላል? ፎርማት ማድረግ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ያውም ፋይሉ ሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ።

እንግዲህ መጀመሪያ መለካት። ስልኩን ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ ኮምፒውተሩን ጓዳ ውስጥ መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው። ስልኩን ኮምፒውተሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። የሞባይል ዳታውን አጥፉት። ብዙ ሰው ዋይፋይ እየተጠቀመ የሚመስለው ስልኩ ሳያስታውቅ ወደ ሞባይል ዳታ ዞሮ ነው፤ ያኔ ምስክርነቱ ዋጋ የለውም። ከዚያ ያንኑ የስፒድ ቴስት (የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ) ገጽ በሁለቱም ላይ ክፈቱ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተራ በተራ። እትዬ ቤት ስልኩ ከ15 ሜጋ ቢት በላይ ሲያሳይ ኮምፒውተሩ ሁለት እንኳን መድረስ አቅቶት ይወጣ ይወርድ ነበር።

ቁጥሩን ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ግን በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የ8 ሜጋ ቢት መስመር ያለው ሰው ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ 1 ሜጋ ባይት ቢያይ መስመሩ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ያለ ጥፋቱ የሚረገም ኮምፒውተር ብዙ ነው።

ቀጥሎ ያደረግኩት ከሁሉም የምወደውን ምርመራ ነው። በዊንዶውስ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍቶ ራውተሩን ፒንግ ማድረግ፤ ማለትም አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ማየት። የራውተሩ አድራሻ ብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነ ከራውተሩ ጀርባ ወይም ታች ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የዚህ ምርመራ ጥቅሙ መልእክቱ ከቤት አለመውጣቱ ነው። ከኮምፒውተሩ ተነስቶ ሳሎን ያለው ራውተር ጋ ደርሶ ይመለሳል። ጤነኛ ቤት ውስጥ ይህ ጉዞ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው የሚፈጀው። እትዬ ቤት ግን አንዱ መቶዎች ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ጭራሽ ሳይመለስ ይቀራል። እዚህ ላይ ክርክሩ አለቀ። አዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶ ያለው ሰርቨርም፣ ዝናቡም ከጉዳዩ ወጡ። ችግሩ በሁለት ክፍል መካከል ነው።

ዴስክቶፑ የራሱ ዋይፋይ የለውም። ሲገዛ አብራ የመጣች፣ ከጥፍር ብዙ የማትበልጥ የዋይፋይ ዩኤስቢ አለችው። እሷም የተሰካችው ከኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛ ሥር፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የብረት ቁም ሳጥን አለ። ጓዳው በኋላ የተጨመረ የብሎኬት ክፍል ነው፤ ዋናው ቤት ጭቃ ነው። ምልክቱ ጭቃውን አልፎ፣ ብሎኬቱን አልፎ፣ ብረቱን ዞሮ፣ የኮምፒውተሩን የራሱን የቆርቆሮ ሳጥን አልፎ ነው እዚያች ትንሽ ነገር ላይ የሚደርሰው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ በቀላሉ ያገኘውን፣ እሷ ከታች ተደብቃ ማግኘት አልቻለችም።

እንግዲህ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ለሁሉም ባወራው የማይሰለቸኝ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ከዚያች ዩኤስቢ ጎን፣ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ፣ ፊልምና ፎቶ ያለበት ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይኖራል። ሰማያዊው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3.0 ማለት ነው። ይህ ዓይነት ዩኤስቢ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይለቃል። ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥቷል። 2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ ያች ዩኤስቢ የምትሰማበት ሞገድ ነው። ከግድግዳ ወዲያ ደክሞ የመጣ ድምፅ አጠገቧ በሚጮኸው ዲስክ ይዋጥባታል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንድ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዛሁ። ትንሿን ዩኤስቢ ከኋላ ነቅዬ፣ በማራዘሚያው ወደ ላይ አውጥቼ፣ ከሞኒተሩ አናት ጎን አሰርኳት። ዲስኩን ወደ ጥቁሩ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ አዛወርኩት፤ ፊልም ለማየት ያ ይበቃል። ፒንጉን መልሰን አየነው። ከአሥር ሚሊሰከንድ በታች ወረደ፤ የሚጠፋም የለም። እትዬ «ይኼው ነው እንዴ!» አለች። አዎ፣ አብዛኛው ይኸው ነው። ፍጥነቱ ከስልኩ ብዙም የማያንስ ሆነ።

የእትዬ ራውተር 2.4 ብቻ ስለሆነ ስልኩም ኮምፒውተሩም እኩል ተፎካክረዋል። የእናንተ ራውተር 5 ጊጋኸርዝም ካለው ስልኩ ምናልባት በዚያኛው ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በየትኛው እንደተገናኙ እዩ። ጎረቤት በበዛበት ሰፈር ደግሞ የራውተሩን ቻናል (የሚሠራበትን የሞገድ መስመር) ወደ 1፣ 6 ወይም 11 መቀየር ይረዳል፤ በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

አሁንም ግን አንዳንዴ ይንቀራፈፍ ነበር። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ኔትወርክ የሚለውን አምድ ተጫኑት፤ በብዛት የሚበላው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። እትዬ ቤት ሁለት ነገር ተገኘ። አንዱ የፎቶ ፎልደሩን ሁሉ ወደ ክላውድ፣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማስቀመጫ፣ የሚጭን ፕሮግራም ነው። ሌላው የዊንዶውስ አፕዴት ነው። ዊንዶውስ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ነገር አለው፤ ያወረደውን አፕዴት፣ እንደ ቅንብሩ፣ ለሌሎች ኮምፒውተሮችም ሊያካፍል ይችላል። እንዲህ ያለ ጭነት ዋናውን መስመር ቢሞላው ኖሮ ስልኮቹም በተጎተቱ ነበር። እዚህ ግን ጠባቡ በር ያች ትንሽ ዩኤስቢ ስለሆነች የታመመው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

ማካፈሉን ዘጋሁት። የፎቶ ጭነቱን ግን አላጠፋሁትም፤ የአባታችን ፎቶዎች ሌላ ቦታም መኖራቸውን እፈልጋለሁ። ሌሊት እንዲሠራ ብቻ አደረግኩት። አፕዴትም ጨርሶ አይዘጋ፤ ለደኅንነቱ ያስፈልጋል። በካርድ ወይም በጊጋ የምትጠቀሙ ከሆነ ዋይፋዩን ዊንዶውስ ላይ ሚተርድ (በልክ የሚከፈልበት) አድርጉት፤ ዊንዶውስ ያኔ በራሱ ማውረዱን ይቀንሳል።

እዚያ ቤት ያልነበሩ ነገር ግን ሌላ ቦታ ያጋጠሙኝም አሉ። ስፒድ ቴስቱ ጥሩ ሆኖ ገጹ ብቻ ለመከፈት የሚዘገይ ከሆነ ብሮውዘሩን ጠርጥሩ፤ ማንም የማያስታውሳቸው ኤክስቴንሽኖች (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ተጭነው ይሆናል። ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር፣ ተረስቶ የቀረ ቪፒኤን ወይም ፕሮክሲም እንዲሁ ያደርጋል። ገጹ ከተጀመረ በኋላ የሚፈጥን፣ መጀመሪያው ላይ ግን የሚያስብ ከሆነ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ቀይራችሁ ሞክሩ። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ ሁልጊዜ 100 በመቶ ከሆነ ኢንተርኔቱ አይደለም የዘገየው፤ ሀርድ ዲስኩ ነው።

መብራት በሚጠፋበት ቤት አሮጌ ዴስክቶፕ ካላችሁ ቀኑንም እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ብዙ ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል። ባትሪዋ 2032 የምትባለዋ ናት።

አንድ ነገር ስትቀይሩ መልሳችሁ ለኩ፤ ከዚያ ሌላውን ቀይሩ። ሁሉንም በአንዴ የነካካ ሰው ቢሳካለት እንኳን የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

እትዬ ቤት የቀረው ሥራ ኬብል መዘርጋት ነው። ለአንድ ቦታ ለማይነቃነቅ ኮምፒውተር ከኬብል የሚሻል ነገር የለም፤ ግድግዳም፣ ብረትም፣ የጎረቤት ዋይፋይም አይነካውም። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ ከሳሎን እስከ ጓዳ ምንም ማለት አይደለም። ስትገዙ ውስጡ ንጹሕ መዳብ መሆኑን ጠይቁ። በርካሽ ከሚሸጠው ውስጥ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አለ፤ ቶሎ ይሰበራል። ጫፉን የሚገጥመው ልጅ ስምንቱንም ሽቦዎች በሁለቱም ጫፍ በትክክለኛው የቀለም ተራ ማስገባቱን አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ሲጨርስ ዊንዶውስ ላይ የግንኙነቱ ፍጥነት 100 ሜጋ ቢት ወይም 1 ጊጋ ቢት ማለት አለበት። 10 ካለ ጫፉ እንደገና ይገጠም።