ከአንድ ሚዛንና ከ62 ልጆች የተማርኩት

ደብረ ብርሃን ውስጥ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ የሰባተኛ ክፍል ልጆቼን ቁመት፣ ክብደትና የአካል ብቃት ዓመቱን ሙሉ ለመከታተል ወሰንኩ። እስከዚያ ድረስ ውጤት የምሰጠው ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን ብዙ ፑሽ አፕ ሠራ እያልኩ ነበር። ይሄ ማን ቀድሞ እንደጎረመሰ ይናገራል እንጂ ማን እንደበረታ አይናገርም። በዚህ ዕድሜ ሁለት ልጆች በአንድ ወር ተወልደው በአካል ግን የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ዘግይቶ የሚያድገውን ልጅ ሳላውቅ ስቀጣው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይከፋኛል። ሚዛኑን ክፍል ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ የክፍል አለቃው ይጽፋል። ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ነው። ከልጃገረዶቹ የአንዷን ክብደት ስናገር ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ልጅቷ ምንም አላለችም። በሚቀጥሉት ሁለት የስፖርት ክፍለ ጊዜዎች ግን አልመጣችም። አግኝቼ ሳነጋግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ሁለተኛም ጮክ ብለው ያነቡታል?»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ አሠራሩን ከሥሩ ቀየርኩ። ሚዛኑ የስፖርት ዕቃ መጋዘን ገባ። ልጆች አንድ በአንድ ይገባሉ። ሴቶቹን የምትለካው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቁጥር በቃል አይነገርም፤ በስም ፋንታ በተራ ቁጥር ይጻፋል፣ ደብተሩም ይቆለፋል። መለካት የማይፈልግ ልጅም አይገደድም። ጊዜ ይወስዳል፤ 62 ልጅ ለመጨረስ ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጅቷል። ስለ ሌላው ሁሉ ብትከራከሩኝ እሰማለሁ፣ በዚህ ግን አልደራደርም።

ሚዛኑ ራሱ መፈተን ነበረበት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ባዶውን ጄሪካን መዝኜ፣ ሞልቼ እንደገና መዘንኩት። አንድ ኪሎ ተኩል አዛባ። ችግሩ የወለሉ ነበር። ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ሳሳርፈው ተስተካከለ። አሁን በለካሁ ቁጥር ጠዋት ጄሪካኑ ቀድሞ ይመዘናል።

ለቁመት ግድግዳው ላይ ሜትር ለጠፍኩ። ቀጥ ማለቱን በግንበኛ ቱምቢ አረጋገጥኩ። ጭንቅላት ላይ የሚያርፈው የአናጢ ስኳድራ ነው፤ በመጽሐፍ ወይም በእጅ ከተለካ ያዘነብላል። ጫማ ይወልቃል፣ ተረከዝ ግድግዳ ይነካል፣ ዓይን ፊት ለፊት ያያል። ሹሩባ ከላይ የተቋጠረላት ልጅ ሁለት ሴንቲ ሜትር ልትረዝም ትችላለች፤ ስለዚህ ቀኑን ቀድመን እንነግራቸዋለን። ሌላም አለ። ሰው ጠዋት ከማታ ይረዝማል፣ ልዩነቱም አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። መስከረም ላይ ጠዋት፣ ጥር ላይ ከሰዓት ብትለኩ ያደገውን ልጅ «አላደገም» ትላላችሁ። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ እለካለሁ፤ ሁለቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ እጨምራለሁ።

ትልቁ ስህተቴ የመጣው ቁጥሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። ክብደት ከቁመት ጋር መመጣጠኑን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ቢኤምአይ አሰላሁ። ክብደት በኪሎ፣ ሲካፈል በራሱ ለተባዛ ቁመት በሜትር። 38 ኪሎ የሚመዝን፣ 1.50 የሚረዝም ልጅ 16.9 ይወጣለታል። ክሊኒክ ግድግዳ ላይ የማውቀው ሰንጠረዥ ከ18.5 በታች ከስቷል ይላል። በዚያ መሠረት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ክፍል «የከሱ» ብዬ መዘገብኩ። ለወላጆች ደብዳቤ ልጽፍ ነበር።

18.5 የአዋቂ መለኪያ ነው። ለልጆች የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ያወጣው ሰንጠረዥ አለ። እሱ በዕድሜና በጾታ የተከፈለ ነው። 13 ዓመት ለሞላው ወንድ መካከለኛው ራሱ 18.2 ነው። ከመካከለኛው በሁለት ደረጃ ዝቅ የሚለው፣ መክሳት የሚባልበት መስመር ደግሞ 14.9 ነው። ባለ 16.9ው ልጅ ምንም አልሆነም። ደብዳቤው ሳይላክ በመቅረቱ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። በትክክለኛው ሰንጠረዥ ከመስመሩ በታች የወጡት አራት ልጆች ናቸው። የእነሱን ወላጆች ለብቻ ጠርቼ አነጋገርኳቸው።

ያ ሰንጠረዥ ዕድሜን በወር ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ልጆቹን «ስንት ዓመትህ ነው?» ስትሉ ግማሹ ይገምታል። የክትባት ካርድ ወይም የልደት ሰርተፍኬት እንዲያመጡ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ካርድ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ነበር። እኔ የልኬቱን ቀን የጻፍኩት በእኛ ነው። ሳላስተውል ስቀንስ የአንዱ ልጅ ዕድሜ አምስት ዓመት ወጣ! እንዲህ የተጋነነው ወዲያው ይያዛል። የሚያስቸግረው የአንድና የሁለት ዓመት ስህተት ነው፤ ማንም ሳያየው ያልፋል።

ካርድ የሌላቸውን እናቶች ነበር የምጠይቀው። «እትዬ፣ ሲወለድ ምን ወቅት ነበር?» እላለሁ። አንዷ «አቶ መለስ ባረፉበት ክረምት ነው፣ ለቅሶው ሳያልቅ» አሉኝ። ነሐሴ 2004 ማለት ነው። ክርስትናም ይረዳል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለምትነሳ ክርስትናው ለየትኛው በዓል እንደደረሰ ካስታወሱ የልደቱ ቀን ወደኋላ ይቆጠራል። ከእናት ጋር አምስት ደቂቃ መቀመጥ ከመዝገብ ቤት ወረቀት የተሻለ መልስ ሰጥቶኛል።

ለትንፋሽ የመረጥኩት የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ነው። ሞንትሪያል ውስጥ ሉክ ሌጄ የተባለ ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጣው ፈተና ነው። በየጊዜው የሚጮኽ የተቀዳ ድምፅ አለ፤ እሱ ሲሰማ ከመስመር መስመር ደርሰህ መገኘት አለብህ፣ መከተል እስኪያቅትህ ትሮጣለህ። በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በግማሽ ኪሎ ሜትር ይፈጥናል። ድምፁን ከስልኬ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ አስለቀቅኩት። መስመሩን በኖራ አሰመርኩ፤ ግን በመጀመሪያ ርቀቱን በእርምጃ ነበር የለካሁት። በሜትር ስመልሰው 18 ሜትር ተኩል ሆኖ ተገኘ። የዚያን ቀን ውጤት ሁሉ ሰረዝኩ።

ከመሮጣቸው በፊት ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። አስም አለብህ? ስትሮጥ ደረትህን ያምሃል ወይም ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያህ አብጦ ያውቃል? የመጨረሻው ለልብ ነው። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብን በር ሊጎዳ ይችላል፣ በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ልጆችን ያጠቃል። አንድ ልጅ አዎ አለኝ። ሳይሮጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

የከተማችን ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጭ አለ። በብርድ የደነደነ ጡንቻ ላይ ፈተና መስጠት ትርጉም የለውምና ከ4 ሰዓት በፊት አላስሮጥም። ቆላ ላይ በተሠራ ሰንጠረዥም ልጆቼን አልመዝንም። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። የማወዳድረው መስከረም ላይ የሮጠውን ልጅ ግንቦት ላይ ከሚሮጠው ከራሱ ጋር ነው።

መጋቢት ላይ ግን ደነገጥኩ። የሁለተኛው ዙር ሩጫ ውጤት በብዙዎቹ ወረደ። «ሥልጠናዬ ከሽፏል» ብዬ ደብተር ላይ ሁሉ ጽፌያለሁ። ነገሩን ያስረዳኝ አንድ ተማሪ ነው። «ቲቸር፣ እየጾምን እኮ ነው።» በዚያ ዓመት ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገብተው ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ሆዱ ባዶ ነው። ግንቦት ላይ ደገምኩት፤ ከሁለት ልጆች በቀር ሁሉም ከመስከረሙ በልጠዋል። አሁን የልኬት ቀን ስመርጥ የአጽዋማትን ቀን መቁጠሪያ ይዤ ነው።

ተቀምጦ ወደ እግር ጣት የመዘርጋት ፈተናም ነበር። አንድ ጎበዝ ልጅ በስምንት ወር አምስት ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ቀረ። ሰነፈ እንዳልል ቁመቱን አየሁ፤ ሰባት ሴንቲ ሜትር አድጓል። በጉርምስና እግር ከወገብ በላይ ካለው አካል ቀድሞ ይረዝማል። እጁ እንደድሮው ነው፣ ጣቱ ግን ርቆታል። ይህንን ስነግረው ፊቱ በራ። ሴቶቹ በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶቹ 14 አካባቢ በፍጥነት ያድጋሉ። ሰባተኛ ክፍል ሴቶቹ በቁመት የሚበልጡት ለዚህ ነው። ይህን ለክፍሉ ካስረዳሁ በኋላ አጭር ወንዶች ላይ የነበረው ቀልድ ቀነሰ።

ሰኔ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ብቻ የሆነ የታጠፈ ወረቀት ሰጠሁ። የዓመቱ ልኬቱ አለበት፣ የማንም ስም፣ የማንም ደረጃ የለበትም። ያቺ በመጀመሪያው ቀን የተሳቀባት ልጅ ወረቀቷን በር ላይ ቆማ አነበበች። በምልልስ ሩጫው መስከረም ላይ ሁለት ደቂቃ አልሞላችም ነበር፤ ግንቦት ላይ ከአራት አልፋለች። ወረቀቱን መልሳ አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ስምንተኛም እርስዎ ነዎት የሚለኩን?»

«እኔ ባልሆንም ደብተሩ አብሯችሁ ይሄዳል» አልኳት።