ከጋቢና ወንበር ጀርባ 16 ሊትር ፍለጋ

መጀመሪያ የሠራሁት የቤዝ ሳጥን አሁን እናቴ ጋ ነው፤ ድንች ታስቀምጥበታለች። በስፒከሩ ቀዳዳ እጇን እየከተተች አንድ አንድ ታወጣለች፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ድሮም ያስፈልጋት እንደነበር ነግራ መርቃኛለች። ሁለተኛው ግን መኪና ውስጥ ገብቶ እየሠራ ነው። ስለ ሁለቱም ልጻፍላችሁ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ የኔን ኪሳራ እንዳትደግሙት።

መኪናው የአጎቴ ነው። አሮጌ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ዕቃ ያመላልስበታል። የበር ስፒከሮቹ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጡት፤ ከበሮ ሲመታ ጣሳ የተመታ ይመስላል። ቤዝ ልግጠምልህ ስለው እሺ አለ፤ ግን ሁኔታ አስቀመጠ። "ክሪኩና የጎማ መፍቻው ከቦታቸው አይነሱም። ወንበሬም አንዲት ጣት ወደፊት አይመጣም። ከመጣ ሳጥንህን ሐረጎ ላይ አውርጄልህ ነው የምሄደው።" ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ዳገት ነው፤ ያደርገዋል ደግሞ።

ክሪኩን ትተን ከወንበሩ ጀርባ የቀረው ወርድ 58 ሴንቲ ነው። ጥልቀቱ ታች 20፣ ላይ 14፤ ወንበሩ ወደኋላ ጋደል ስለሚል ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ስፒከሩ ሲሠራ ኮኑ (የሚርገበገበው ፊቱ) ወደፊት ወደኋላ ይመላለሳል፤ ወንበሩን እንዳይነካ 3 ሴንቲ ተውኩለት። ስለዚህ ሳጥኑ ወርዱ 56፣ ቁመቱ 36፣ ጥልቀቱ ታች 17፣ ላይ 11 ሆነ። የጥልቀቱ አማካይ 14 ነው። አባዛሁት፤ 56 በ36 በ14፣ 28 ሺህ 224። ለሺህ ስታካፍሉት 28 ሊትር። ጠባብ ናት ያልኳት ቦታ 28 ሊትር! በደስታ ያን ቀን ለጓደኛዬ ሻይ ጋበዝኩት።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የለካሁት የውጭውን ነበር። ስፒከሩ የሚሠራው ግን ውስጥ ባለው አየር ነው። እንጨቱ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ስለሆነ ከእያንዳንዱ አቅጣጫ 3.6 ሴንቲ ይቀንሳል። የውስጡ 52.4 በ32.4 በ10.4 ይሆናል፤ ይሄ 17.7 ሊትር ነው። ከ10 ሊትር በላይ እንጨቱ በላው ማለት ነው! ሰፊና ጥልቅ ሳጥን ላይ ይሄ ስህተት ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ቀጭን ሳጥን ላይ ግን ከ14 ሴንቲ ጥልቀት 3.6 ሲሄድ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ስፒከሩ ራሱ ማግኔቱን ይዞ ሲገባ 1.2 ሊትር ይይዛል፤ መሀል የምትገባዋ ድጋፍ እንጨት ግማሽ ሊትር። የተረፈኝ 16 ሊትር ነው።

ይህን ያወቅሁት ግን የመጀመሪያውን ሳጥን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

28 ሊትር አለኝ ብዬ ስላመንኩ ባለ ቱቦ ሳጥን ነበር የሠራሁት። ባለ ቱቦ ሳጥን ከዝግ ሳጥን ይልቅ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ይወርዳል፣ በትንሽ ዋትም ይጮሃል። ቱቦው ግን እንደ ጠርሙስ አፍ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ ላይ እፍ ስትሉ አንድ ድምፅ እንደምታወጣው ሁሉ ሳጥኑም በቱቦው ርዝመትና በውስጡ አየር መጠን የሚወሰን የራሱ ድምፅ አለው። 35 ኸርዝ ላይ (በሰከንድ 35 ጊዜ መርገብገብ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል) እንዲሆን ፈለግሁ። ውስጡ 7.5 ሴንቲ የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ በ28 ሊትር ላይ 33 ሴንቲ ርዝመት ይበቃዋል፤ ቆርጬ አስገባሁት። እውነተኛው አየር ግን፣ ቱቦው ራሱ የያዘውን ስንቀንስ፣ 14 ሊትር ገደማ ነበር። ድምፁ 35 ላይ መሆኑ ቀርቶ ወደ 50 ኸርዝ ወጣ። ውጤቱ እም-እም-እም ነው። የትኛውንም ዘፈን ብትከፍቱ ያችኑ አንዲት ድምፅ ብቻ ነው የሚደልቀው። ከዚያ በታች ያለው ሲመጣ ደግሞ ኮኑን የሚይዘው አየር ስለሌለ ዝም ብሎ ይንዘፈዘፋል፤ በዚያው ብተወው ስፒከሩም ይሞት ነበር።

ቱቦውን አስረዝመዋለሁ ብዬ እንደገና አሰላሁ። በ16 ሊትር ላይ 35 ኸርዝ ለማግኘት 62 ሴንቲ ያስፈልጋል። የሳጥኑ የውስጥ ወርድ ደግሞ 52 ነው። ተውኩት። ድንቹ የገባው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ዝግ ሳጥን ነው። ዝግ ሳጥን ላይ የታሰረው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ኮኑን ይይዘዋል። ኤድጋር ቪልቹር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን ሐሳብ ተጠቅሞ ነው በትንሽ ሳጥን ጥልቅ ድምፅ ያወጣው፤ የኛም ችግር ያው ነው። የኔ ስፒከር ባለ 10 ኢንች፣ ለጠባብ ቦታ የተሠራ፣ 8.5 ሴንቲ ብቻ ጥልቀት የሚፈልግ ነው። አብሮት የመጣች ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ኤፍኤስ (ስፒከሩ ያለ ሳጥን ያለው የራሱ ድምፅ) 36 ኸርዝ፣ ኪውቲኤስ (ርግብግቡ ምን ያህል እንደሚገታ) 0.5፣ ቫስ (ከኮኑ ማንጠልጠያ እኩል የሚለጠጥ አየር መጠን) 22 ሊትር። ወረቀቷን እንዳትጥሏት! ቫስን ለሳጥናችሁ ሊትር አካፍሉ፣ 1 ጨምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። በኔ 1.54 ነው የመጣው። በዚህ ኤፍኤስን ስታበዙ 55 ኸርዝ፣ ስፒከሩ ሳጥን ውስጥ ሲገባ የሚኖረው የራሱ ድምፅ ማለት ነው፣ ከዚያ በታች መድከም ይጀምራል፤ ኪውቲኤስን ስታበዙ 0.77። ይቺ ሁለተኛዋ ቁጥር 0.7 አካባቢ ስትሆን ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ ወደ 1 ስትጠጋ እያበጠ፣ እየደነፋ ይሄዳል። 0.77 በጣም ጥሩ ናት።

55 ኸርዝ አይበዛም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ኸርዝ ናት። ግን የጋቢና ጥበት እዚህ ላይ ውለታ ይውላል። የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ነው፤ ጋቢናው ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሞገዱ ስለማይዘረጋ ጋቢናው ውስጥ ያለው አየር በሙሉ አብሮ ይታመቃል፤ ድምፁ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይህ እየጨመረ ይሄዳል። ዝግ ሳጥን ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይሞላዋል። ሳሎን ውስጥ ቢሆን ይሄ ሳጥን ደካማ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ግን ሆድ ይነካል።

ሥራው ላይ የጠቀመኝ ካርቶን ነው። መጀመሪያ ሳጥኑን በሙሉ በካርቶን ሠርቼ ከወንበሩ ጀርባ ከተትኩት፤ ወንበሩን መለስኩ፤ አጎቴን አስቀመጥኩበት። "አብሽር፣ አልነካኝም" ካለ በኋላ ነው እንጨት ያስቆረጥኩት። ሙሉ ጣውላ አትግዙ፤ ከአንዱ ሩብ እንኳ አይፈጅም፣ ፈርኒቸር ቤት ቁራጭ አይጠፋም። የፊት ለፊቱ እንጨት ስለሚጋደል የላይና የታች ጠርዙ ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ተጋድሞ መቆረጥ አለበት። አናጺው ሳቀብኝ። "ተኩሏን በምን ልይልህ?" ካርቶኑን ሰጠሁት፤ በእሱ ለክቶ ቆረጠው፣ ክፍተት የሚባል የለውም። ባለ 12 ሚሊ ብትጠቀም 3 ሊትር ታተርፋለህ ያለኝ ጓደኛ አለ፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን በጣቴ ሳንኳኳው ስሱ እንጨት እንደ ከበሮ ይመልሳል፤ እኔ እንዲዘፍን የምፈልገው ስፒከሩን እንጂ እንጨቱን አይደለም።

ኮላው ግን አስለቀሰኝ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ የማይገለጥበት ሰሞን ነበር፤ በደሴ ብርድ ኮላ አይደርቅም። ኮምቦልቻ ቢሆን በአንድ ቀን የሚያልቀው ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኤምዲኤፍ እርጥበት ከነካው ያብጣል፤ የጋቢና ወለል ደግሞ በክረምት መቼም ደረቅ አይሆንም፤ ስለዚህ የተቆረጡ ጠርዞቹን በውሃ በቀጠነ ኮላ ሁለቴ ቀባኋቸው። መገጣጠሚያዎቹን ከውስጥ በሲሊኮን ዘጋሁ። ሲሊኮኑ ጠረኑ እስኪጠፋ ስፒከሩን አትግጠሙ።

አየር ያስወጣ እንደሆነ ያየሁት በእናቴ ዕጣን ነው። ቡና አፍልታ ጨርሳ ነበር፤ ማጨሻውን ይዤ ዝቅ ያለ ድምፅ ከፍቼ ጭሱን በየመገጣጠሚያው ዳር አዞርኩት። አንድ ጥግ ላይ ጭሱ ይርገበገባል። እዚያች ላይ ሲሊኮን ጨመርኩ፣ ተረጋጋ። ውስጡን በትራስ ሙሌት ሞላሁት፤ ፖሊስተሩን እንጂ ጥጡን አይደለም፣ ጥጥ ይጓጉላል። ሙሌቱ ለስፒከሩ ሳጥኑ ትንሽ የሰፋ እንዲመስለው ያደርጋል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ኮምቦልቻ ሄጄ የትራስ ሙሌት ሳላገኝ ተመልሼ የራሴን ትራስ ነው የቀደድኩት።

ሽቦው ላይ ብዙ አልልም። 250 ዋት አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ነው፤ 10 ካሬ ሽቦ፣ ባለ 30 አምፒር ፊውዝ፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ። ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ላሜራው እንዳይበላው ጎማ አድርጉለት። ሳጥኑን በብሎን እሰሩት፤ ስፒከሩን ይዞ ከ13 ኪሎ በላይ ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ከጀርባችሁ እንዲመጣ አትፈልጉም።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀዝቃዛ ነበር። ቤዙ አለ፣ ግን ራቅ ያለ ነው። የስፒከሩን ሁለት ሽቦ አገላበጥኩት፤ ወዲያው ከበሮው ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠ መሰለ። ከበር ስፒከሮቹ ጋር እየተቃረነ ነበር ማለት ነው። ከ80 ኸርዝ በላይ ያለውን ለበሮቹ ተውኩ።

አጎቴ መንዙማ ከፈተ። ድቤው ሲመታ ዝም ብሎ ወደኋላ ተደገፈ። ሐረጎን ስንወጣ ግን የናፍጣ ሞተሩ ጉርምርምታ ቤዙን ግማሹን ዋጠው፤ ድምፅ ጨምር አለኝ፣ ጨመርኩ። ያኔ ከቀኝ በር ውስጥ ቅርር የሚል ነገር ተሰማ። ድቤው በመታ ቁጥር ይመልሳል። አጎቴ "ያ የጠፋብኝ ቁልፍ ነው" ይላል፤ እኔ የተላቀቀ ብሎን ይመስለኛል። ቅዳሜ ፓነሉን እከፍተዋለሁ።