ዳክዬና ግራክልን ከጓሮ መዋኛ ገንዳ ማራቅ፦ ዳላስ ላይ ያዋጣኝ

ዳላስ (ቴክሳስ፣ አሜሪካ) አካባቢ ጓሮው ውስጥ ገንዳ ያለው ሰው ከፌብሩዋሪ ጀምሮ መዘጋጀት አለበት። እኔ መጀመሪያ የማጣራው የወፉን ዓይነት ነው። ዳክዬ የሚመጣበት ምክንያትና ግራክል የሚመጣበት ምክንያት ስለሚለያይ፣ አንዱን ያባረረው ዘዴ ሌላውን አያባርርም።

ግራክል ዐይኑ ቢጫ፣ ላባው ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ወፍ ነው። በጸደይ ገንዳው ጠርዝ ላይ ትንንሽ ነጭ ጥቅሎች ካያችሁ የእሱ ሥራ ነው። የጫጩቶቹ ኩስ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ወላጆቹ ጎጆአቸው እንዳይቆሽሽ በአፋቸው ይዘው ውሃ ላይ ይጥሉታል። ልጅ የሚያሳድግን ወፍ ለማስፈራሪያ የሚቆም የፕላስቲክ ጉጉት አይመልሰውም። የሚያዋጣው ጫጩቶቹ ከጎጆ እስኪወጡ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል፣ ገንዳውን ቀን ቀን ሸፍኖ ማቆየት ነው። ዝናብ ሲጥል ሽፋኑ ላይ የሚያቁረውን ውሃ ቶሎ አፍስሱ፤ ለዳክዬ ያ ራሱ ኩሬ ነው። ለመዋኘት ደግሞ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ አንሡት። ግማሹ ተገልጦ ግማሹ ከቀረ ልጅ ከሥሩ ሊገባ ይችላል።

ዳክዬ የሚፈልገው ክፍትና የረጋ ውሃ ነው። ጥንድ ሆነው ማረፍ እንደጀመሩ፣ ሳይለምዱ፣ ክር እወጥራለሁ። ለ5 በ10 ሜትር ገንዳ 10 ኪሎ የሚችል የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር በወርዱ በየ2 ሜትሩ አራት፣ በርዝመቱ ሁለት አደርግና ከውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ካስማ ላይ አስራለሁ። እያንዳንዱ ክር ላይ የሚያብረቀርቅ ሪባን ማንጠልጠል ግድ ነው፤ ካልታየው ወፉ ክንፉን ይጠላለፍበታል፣ ሰውም ይደናቀፍበታል። ክሩ ከላላ ዳክዬው በመካከሉ ሾልኮ ያርፋል፤ ፀሐይም ስለሚያደርቀው በየዓመቱ እለውጠዋለሁ።

እንቅስቃሴ ሲያይ ውሃ የሚረጨው መሣሪያም ጥሩ ነው፤ የምተክለው ግን ዳክዬዎቹ ከውሃው ወጥተው በሚቆሙበት ጠርዝ አንጻር ነው። ቅርንጫፍ ከፊቱ ካለ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይረጫል። ቧንቧው ሁልጊዜ ግፊት ስላለበት ውርጭ ሲመጣ ይፈነዳል፤ በዚያ ሌሊት ዘግቼ አነሣዋለሁ። የፕላስቲክ አዞና ጉጉት ቦታቸው ካልተቀያየረ በጥቂት ቀን ይለመዳሉ።

ጎረቤት ለዳክዬዎቹ ዳቦ የሚጥል ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ ቀድማችሁ አነጋግሩት።

ዳክዬዋ ቁጥቋጦ ሥር እንቁላል ከጣለች ጎጆውን አትንኩ። ስደተኛ ወፎችን የሚጠብቀው የ1918 የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ያለ ፈቃድ ይከለክላል። 28 ቀን ያህል ታቅፋ ስትፈለፍል ጫጩቶቹን ይዛ ገንዳው ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ጠርዙ ከፍ ስለሚልባቸው መውጣት አቅቷቸው ደክመው ይሰምጣሉ። እንዳያንሸራትት ጨርቅ የተጠቀለለበት ሰፊ ጣውላ ከውሃው ውስጥ እስከ ጠርዙ ዘንበል አድርጌ አስራለሁ።

ኩስ ከገባ ጓንት አድርጌ በመረብ እለቅመዋለሁ። ወደ ማጣሪያው በሚመልስ ቫክዩም አልነካውም፤ ቆሻሻው ማጣሪያው ውስጥ ይቀራልና። ከዚያ ነጻ ክሎሪኑን (ጀርም ለመግደል ውሃው ውስጥ የቀረውን ክሎሪን) ቢያንስ 2 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሁለት እጅ)፣ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ከ7.5 ሳይበልጥ፣ ውሃውን ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳያንስ፣ ፓምፑ እየሠራ 30 ደቂቃ አቆያለሁ። መረቡንም እዚያው ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ እስከዚያ ማንም አይገባም።