ወረቀት አግኝቼ ጎዳና ወጣሁ

ድሬዳዋ በመጣሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «እንግሊዝ አገርም በረንዳ አዳሪ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?» ዘንድሮ ከዚራ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተነሳ። አለ፣ እኔም አንዱ ነበርኩ አልኳቸው። አክስቴ ደነገጠች። «አንተ? ወረቀት አገኘሁ ብለህ ደውለህልን እልል ብለን አልነበር እንዴ?»

ደውያለሁ። ጎዳና ያወጣኝም ያው ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ ጥገኝነት የጠየቀ ማደሪያ የሌለው ሰው፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ መንግሥት ያስጠልለዋል። በእኔ ጊዜ በሳምንት 37.75 ፓውንድ ይሰጠን ነበር። መሥራት አይፈቀድም። ታዲያ በምን ገንዘብ ታጠራቅማለህ? መልሱ «ተቀብለንሃል» ሆኖ ሲመጣ፣ ከመጠለያው ለመውጣት በእኔ ጊዜ የሚሰጥህ 28 ቀን ነበር። ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚከፈለው ድጎማ ደግሞ ካመለከትክ በኋላ የመጀመሪያው ክፍያ እጅህ እስኪገባ 5 ሳምንት ያህል ይፈጃል። 35 ቀን ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ልዩነቱን የት ታሳልፈዋለህ? አከራይ ቀብድ ይላል፣ ዋስ ይላል፣ የደመወዝ ማስረጃ ይላል።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ያነጋገረችኝ ልጅ ትሁት ነበረች። ነፍሰ ጡር፣ ልጅ የያዘ፣ በሕመም ወይም በእርጅና የተጎዳ ሰው ቅድሚያ አለው አለችኝ። ጤነኛ ወንደላጤ የለውም። ምክር ሰጥታ፣ የሚደወልባቸው ስልኮች የተጻፉበት ወረቀት ሰጥታ ሸኘችኝ። ኪራይ ልፈልግ ብልም ከ35 ዓመት በታች ላለ ብቸኛ ሰው ድጎማው የሚታሰበው በጋራ ቤት ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው። የዚያ ድጎማ ጣሪያ ደግሞ ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባለበት ቆሞ ነበር። ኪራዩ ግን አልቆመም። የመንግሥት ቤቶቹም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተከራዮቻቸው እየተሸጡ ተመናምነዋል።

እነዚህን ውሳኔዎች ያወጡ ሰዎች ሰው ጎዳና ይውጣ ብለው አላወጡም። አንዱ ስለ ስደተኛ ነው፣ አንዱ ስለ ድጎማ፣ አንዱ ስለ ቤት ሽያጭ። በእኔ ላይ ግን አንድ ላይ ወደቁ። መጀመሪያ የአገር ልጆች ሶፋ ላይ አደርኩ። ሰው ይሰለቻል፣ አልፈርድባቸውም። ከዚያ የሌሊት አውቶቡስ፣ ከዚያ የሱቅ በር ሥር። ያንን ብርድ ለድሬ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እዚህ ሙቀት ሲጠና አልጋ ግቢ አውጥተን የምንተኛ ሰዎች ነን።

ማርች 2020 ላይ ኮሮና መጣ። መንግሥት ውጭ የሚያድረውን ሁሉ አስገቡ ብሎ አዘዘ። በቀናት ውስጥ ባዶ የቀሩት ሆቴሎች ተከፈቱ። እኔም ክፍል፣ ሻወርና ቁልፍ ተሰጠኝ። «ቤት ቢሰጠውም አይገባም» የሚባልለት ከአጠገቤ ያድር የነበረ ሽማግሌም ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አይቻልም» የሚለኝን ሰው አላምንም።

ይህን ሁሉ ስተርክ የአክስቴ ልጅ አቋረጠኝ። «አቦ፣ እዚያ ሌላ ነው። እኛ ጋ ግን ሥራ ጠል ናቸው።» ይህ አባባል ያመኛል። በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። ሸክም ተሸክሞ የሚያድር አንድ ወጣት አጫወተኝ። የመጣው ከሐረርጌ ገጠር ነው። ከጎህ ጀምሮ ጆንያ ይሸከማል። ማታ ገበያው ውስጥ ይተኛል። ሥራ ጠል ይህ ነው?

የጎደለው መታወቂያ ነው። ለቀበሌ መታወቂያ ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልገዋል። የቤት ቁጥርም ያስፈልገዋል። ቤት የሌለው ሰው የቤት ቁጥር ከየት ያመጣል? የሚያከራዩትም ስሙን በቤታቸው ማስመዝገብ ይፈራሉ።

ድሆችን እያሠራ የሚከፍለው የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ድሬዳዋና ሐረር ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች መካከል ነበሩ። ጥሩ ሥራ ነው፤ መንገድ እየጠረጉ ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች አውቃለሁ። ጎዳና ላይ ላሉትም የተለየ ክፍል አለው። ግን ዋናው ምልመላ በቀበሌ ነዋሪ ላይ ነው። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ሲመለመል ማን ያስታውሰዋል? የጤና መድኑም እንዲሁ ነው። የ1996ቱ የአደገኛ ቦዘኔ አዋጅ ግን ሰውን ለመቅጣት የቤት ቁጥር አይጠይቅም። መተዳደሪያ የሌለው መሆን ከመስፈርቶቹ አንዱ ነው። እንግሊዞችም ውጭ ማደርን ወንጀል የሚያደርግ የ1824 እ.ኤ.አ. ሕግ ነበራቸው፤ ጎዳና ላይ እያለሁም አልተሻረም ነበር።

ከእንግሊዝ ወደ ድሬ አንድ ነገር ብቻ አምጣ ብባል፣ የጤና ጣቢያ አመዘጋገባቸውን አመጣ ነበር። እዚያ ሐኪም ዘንድ ለመመዝገብ አድራሻ ግዴታ አይደለም። ጎዳና እያለሁ ሳል ሲጠናብኝ የክሊኒኩን አድራሻ እንደ አድራሻዬ አድርገው መዘገቡኝ። ቀበሌም እንዲህ ቢያደርግ ምን ይከብደዋል? የቀፊራውን ልጅ የሚሠራለት ነጋዴ ያውቀዋል። የሚሰግድበት መስጊድ ያውቀዋል። በእነሱ ምስክርነትና አድራሻ ይመዝገብ። መሸኛውንም ልጁ የሁለት ቀን ገቢውን ትቶ ገጠር ከሚመላለስ ቀበሌ ለቀበሌ ይጠያየቁበት። አክስቴ የቀበሌዋን ሊቀመንበር ታውቀዋለች፤ ሰኞ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።