የድሮ ቮልስና አዲስ ጎልፍ፦ እንዴት አወዳደርኳቸው

«የድሮ መኪና ብረት ነው፣ ያሁኑ ቆርቆሮ» የሚለው ክርክር ሰልችቶኛል። ሁለቱም እጄ ላይ ስላሉ ጎን ለጎን ልሞክራቸው አልኩ።

አንዷ እ.ኤ.አ. የ1968 ቮልስዋገን ቢትል ናት፤ ያቺ ቮልስ የምንላት፣ ባለ 1300 ሞተሯ። ሌላው ባለ 1.5 ሊትር አዲስ ጎልፍ ነው። የቮልሷ ጉልበት 40 ፈረስ፣ የጎልፉ 130። ስለዚህ ማን ይፈጥናል ብሎ ማወዳደር ዋጋ የለውም። እኔ ማየት የፈለግኩት ሲቆሙ፣ ሲበላሹና ሲጋጩ ነው።

ለሁለቱም አዲስ ጎማ አስገባሁ። ጎማው ካረጀ የምትለካው ፍሬኑን ሳይሆን ጎማውን ነው። ጭር ያለ ደረቅ መንገድ መረጥኩ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ፣ ያው ምልክት ላይ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። ጎልፉ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) እግሬ ስር እየተርገበገበ ቀጥ ብሎ ቆመ። የቮልሷ ግን የአራቱም ጎማ ፍሬን ታምቡር ነው (ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ ከውስጥ እየገፋ የሚያቆም)፣ ለእግር አጋዥ የሚሆንም የላትም። ጠንከር አድርገህ ካልረገጥክ አትቆምም፤ ካበዛኸው ደግሞ ጎማው ይቆለፋል። ከመሪው ጋር እየታገልኩ፣ ጎልፉ የቆመበትን በደንብ አልፌ ቆምኩ። የአንዱ ጎማ ሸራ ከሌላው ከላላ ወደ ጎን ትስባለች፤ ስለዚህ ሸራ ማስተካከል የማይዘለል ሥራ ነው።

ብልሽት ላይ ቮልሷ ትበልጣለች። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የሚባል ጣጣ የለም። ካንዴላ፣ ካርቡራተር፣ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየከፈተና እየዘጋ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሳው)፤ ሁሉም በግልጽ የሚታይ ነው። የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ ራሴ አስተካክላለሁ። (የመስታወት ማጠቢያዋ ውሃውን የሚገፋው በተጠባባቂው ጎማ አየር ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት እወዳለሁ።) ጎልፉ ላይ የሞተር መብራት ከበራ ግን ኮምፒውተሩን በመሣሪያ ማስነበብ ነው።

ግጭትን በራሴ መኪና አልሞክርም። ደግነቱ የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ሞክሮታል። የ1959 ቼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ቼቭሮሌት ማሊቡ ጋር በ64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አጋጨ። የድሮው «ብረት» የሹፌሩ ቦታ ድረስ ተጨፈለቀ። የማሊቡ አፍንጫ ተኮማትሮ ጉልበቱን ዋጠው፣ ውስጡ ግን ቅርጹን አልለቀቀም። የአዲሱ ፊት የሚኮማተረው ታስቦበት ነው።

አሁን ቮልሷን ስነዳ ከፊቴ ካለው መኪና ራቅ ብዬ ነው። ለዝናብና ለማታ ጎልፉን አነሳለሁ።